ፊላደልፊያ በ1793፦ ስለ ቢጫ ወባው ዓመት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ 1793 በእኛ አቆጣጠር 1785ን እና 1786ን ይነካል።

በ1793 በፊላደልፊያ ምን ተፈጠረ?

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ዋና ከተማ ፊላደልፊያ ነበረች። ከኦገስት መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ቢጫ ወባ ገብቶባት ከ4,000 እስከ 5,000 የሚገመት ሰው ገደለ። ከተማዋ ከዳርቻዎቿ ጋር 50,000 ያህል ነዋሪ ስለነበራት፣ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ሞቷል ማለት ነው። ወደ 17,000 የሚጠጋ ሕዝብ ደግሞ ቤቱን ዘግቶ ሸሸ።

ይህ ዓመት ዛሬም የሚነሣው በሟቾቹ ብዛት የተነሣ ብቻ አይመስለኝም። ማን ሸሸ፣ ማን ቀረ፣ የቀረውስ ሰው ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ምን ተባለ የሚለው ጉዳይ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶችም ደጋግመው ወደዚያው ይመለሳሉ።

ከወረርሽኙ በፊት ከተማዋ ምን ትመስል ነበር?

ፊላደልፊያ ከ1790 እስከ 1800 የፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ ሆና አገልግላለች። ከደላዌር ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከአውሮፓ የሚመጡ መርከቦች የሚራገፉባት፣ በጡብ ቤቶች የተሞላች የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ዓመቱም የጀመረው በደስታ ነበር። ጃንዋሪ 9 ቀን ዣን ፒየር ብላንሻር የተባሉ ፈረንሳዊ ከዋልነት መንገድ እስር ቤት ግቢ በፊኛ ተነሥተው፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንና ብዙ ሕዝብ እያዩአቸው ወንዙን ተሻግረው ኒው ጀርሲ አረፉ። በአሜሪካ ምድር ሰው በፊኛ ሲበር ያ የመጀመሪያው ነው። ማርች 4 ቀን ደግሞ ዋሽንግተን ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ያን ዕለት ያሰሙት ንግግር 135 ቃላት ብቻ ያሉት በመሆኑ እስከ ዛሬ በአጭርነቱ አቻ አልተገኘለትም።

በዚያው ሰሞን፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን፣ ከጌታው ያመለጠ ባሪያ ተይዞ እንዲመለስ የሚፈቅደው ሕግ በዚችው ከተማ ተፈርሟል። በከተማዋ ከ2,000 የሚበልጡ ጥቁሮች ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ነፃ ወጥተው በጉልበት ሥራ፣ በቤት አገልጋይነትና በአነስተኛ ንግድ ይተዳደራሉ። ከእነርሱ መካከል አብሰሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን በ1787 የነፃ አፍሪካውያን ማኅበርን መሥርተው ነበር። አባላቱ በየወሩ አንድ ሺሊንግ እያዋጡ የታመመውን ይደግፋሉ፣ ባሏ የሞተባትንና ወላጅ ያጣውን ልጅ ይረዳሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዕድር ነው ብሎ ቢረዳው ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ማኅበርተኞቹ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ጣሪያውን ለማቆም ድግስ ያደረጉት ኦገስት 22 ቀን ነው፤ በዚያን ሰሞን በወደቡ አጠገብ ሰው መሞት ጀምሮ ነበር።

ቢጫ ወባና ወባ አንድ በሽታ ናቸው?

አይደሉም፤ የአማርኛው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ወባን የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን የሚያዛምተውም በአብዛኛው በምሽትና በሌሊት የምትናከሰው አኖፊለስ የተባለችው ትንኝ ናት። ቢጫ ወባ ግን የቫይረስ በሽታ ነው፤ በከተማ ውስጥ የሚያዛምተው ኤደስ ኢጂፕታይ የሚባለው የትንኝ ዝርያ ነው። ይህች ትንኝ በቀን ትናከሳለች፣ ረግረግም አትፈልግም፤ በበርሜል፣ በገንቦ ወይም በማናቸውም ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ለመራቢያ ይበቃታል።

የተነከሰ ሰው ከ3 እስከ 6 ባሉት ቀናት ውስጥ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመምና ማስታወክ ይጀምረዋል። ብዙው ሰው ከዚህ ይድናል። የተወሰነው ግን ለአንድ ቀን ያህል የተሻለው መስሎ ከቆየ በኋላ ጉበቱና ኩላሊቱ ይጠቃል፤ በተለምዶ የወፍ በሽታ እንደምንለው ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል፤ ከአፍንጫውና ከድዱ ደም ይፈሳል፤ በሆዱ ውስጥ የፈሰሰው ደም ጠቁሮ በትውከት ይወጣል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ይሞታሉ። ዛሬም ቢሆን ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ያለው ክትባትና እንክብካቤ ነው።

በኢትዮጵያስ ተከስቶ ያውቃል?

አዎን። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሣው ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው አሳምሞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ከባዱ እርሱ ነው። በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን ተከስቶ የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል። ወደ አንዳንድ አገሮች የሚጓዝ ሰው የሚጠየቀው ቢጫ ካርድ የዚሁ በሽታ የክትባት ማስረጃ ነው። ክትባቱን በ1937 ያገኙት ማክስ ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በሽታው ወደ ፊላደልፊያ እንዴት ገባ?

በመርከብ ነው የገባው። ዛሬ ሄይቲ የምትባለው ሴን ዶሚንግ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስትሆን፣ በባርነት የነበሩ ሰዎች በ1791 ያስነሡት አብዮት እየተፋፋመ ነበር። በጁን 1793 ካፕ ፍራንሴ የተባለችው ከተማ ስትቃጠል በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች በመርከብ ተሳፍረው ወጡ፤ 2,000 ያህሉ በጁላይና በኦገስት ፊላደልፊያ ደረሱ። ቢጫ ወባ በደሴቶቹ ሲዘዋወር የኖረ በሽታ ስለሆነ፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሕሙማን፣ በመርከቦቹ የውኃ በርሜሎች ውስጥ ደግሞ ትንኞች እንደነበሩ መረዳት ይቻላል።

ይሁንና ትንኝና ሕመምተኛ መምጣታቸው ብቻውን አይበቃም ነበር። በዚያ ዓመት ከጁን እስከ ኦገስት ያለው የሙቀት ወቅት በጣም ሞቃትና ደረቅ ነበር። ሕዝቡ የዝናብ ውኃ በበርሜል ያጠራቅማል፤ በወደቡ ጠባብ መንገዶች ላይ ቤት ከቤት ተጣብቋል። ስደተኞቹን ጥፋተኛ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። ቫይረሱን ይዞ የመጣው የንግድ መሥመር ለከተማዋ ሀብት ያመጣላት ያው መሥመር ነው፤ ትንኟም ቢሆን ወደ አሜሪካ አህጉር የገባችው በባሪያ ጫኝ መርከቦች እንደሆነ ሳይንቲስቶች ያስረዳሉ።

በሽታውን መጀመሪያ የለየው ማን ነው?

ዶክተር ቤንጃሚን ረሽ ናቸው። ረሽ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ፣ በከተማዋም እጅግ የተከበሩ ሐኪም ነበሩ። ኦገስት 19 ቀን በወደቡ አጠገብ በዋተር መንገድ የምትኖር የአንድ ነጋዴ ሚስት ስትሞት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አዩዋት። በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ምልክት ያሳዩ ሌሎች ሰዎች መሞታቸውን ሲያገናዝቡ፣ በ1762 ተማሪ ሳሉ በዚችው ከተማ ያዩትን ቢጫ ወባ አስታወሱና ያ በሽታ ተመልሷል ብለው ተናገሩ። ብዙ ሰው አላመናቸውም፤ በአባባላቸው የተቆጡም ነበሩ።

ምንጩን በተመለከተ ግን ተሳሳቱ። በወደቡ ላይ የተጣለ የበሰበሰ ቡና ነበርና አየሩን የበከለው የእርሱ ሽታ ነው አሉ። ቡናውን ያወገዙት ሳያስተውሉ ቀርተው አይደለም፤ የዘመኑ ሕክምና በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብሎ ያስተምር ስለነበር፣ የተማረ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ ይኸው ነበር።

ሕዝቡ ራሱን ለመከላከል ምን ያደርግ ነበር?

የሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የከተማዋ ሐኪሞች ማኅበር በኦገስት መጨረሻ ምክር አወጣ፦ ከታመመ ሰው መራቅ፣ የታመመበትን ቤት በምልክት ማሳወቅ፣ የቀብር ደወል እንዳይደወል ማድረግ፣ ሙታንን ያለ ሥነ ሥርዓት መቅበር፣ መንገዶችን ማጽዳት፣ ኮምጣጤና ካምፎር የተባለ ብርቱ ሽታ ያለው ነገር መጠቀም። የደወሉ ክልከላ በተለይ ትኩረቴን ይስበዋል። ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲደወል የሚሰማው ሰው ተስፋ እየቆረጠ ስለነበር ሐኪሞቹ ፍርሃትንም እንደ በሽታ ቆጥረው ሊያክሙት ፈልገዋል።

ሕዝቡ በበኩሉ የሰማውን ሁሉ ሞከረ። ሰው ነጭ ሽንኩርት በኪሱና በጫማው ይይዝ ነበር፤ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ትምባሆ ያጨሱ ነበር፤ ኮምጣጤ የነከረ ጨርቅ ከአፍንጫው የማይለይ ብዙ ነበር። አየሩን ያጠራል ተብሎ በየመንገዱ እሳት ይነድድ፣ ጠመንጃ ይተኮስ ነበር፤ በኋላም አስተዳደሩ አደጋውን አይቶ ከለከለ። ሰው እጅ መጨባበጥ ተወ፤ ከቤቶች ለመራቅ ሲል በመንገድ መካከል መሄድ ጀመረ፤ የሐዘን ልብስ የለበሰን ሰው ሲያይ ይሸሽ ነበር። ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን ጥሎ የሄደበት ጊዜ እንደነበር በዘመኑ የተጻፉት መዛግብት ይመሰክራሉ።

ፕሬዚዳንቱና መንግሥቱ የት ሄዱ?

ዋሽንግተን ሴፕቴምበር 10 ቀን ቨርጂኒያ ወዳለው መኖሪያቸው ወደ ማውንት ቨርነን ሄዱ። ጉዞው አስቀድሞ የታቀደ ቢሆንም መመለሻው ተራዘመ። ፊላደልፊያ ሙታኗን በምትቀብርበት በዚያው ወር፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ ዋሽንግተን አዲሱ ዋና ከተማ በሚቆረቆርበት ሥፍራ የካፒቶልን፣ ማለትም የአሜሪካ ምክር ቤት የኮንግረሱን ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ፊላደልፊያ ያለችበት የፔንስልቬንያ ክፍለ አገር ምክር ቤት ተበተነ፤ አገረ ገዥው ቶማስ ሚፍሊንም ከተማዋን ለቀቁ፤ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ታመሙ ወይም ተበተኑ።

የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተንና ባለቤታቸው ሁለቱም ታመው ዳኑ። ከዳኑ በኋላ በኒው ዮርክ ክፍለ አገር ወዳለችው ኦልባኒ ሲሄዱ የከተማይቱ ሹማምንት በሽታ እንዳያመጡብን ብለው መግቢያውን አጠበቁባቸው። በኖቬምበር ዋሽንግተን ተመልሰው ከከተማዋ ጥቂት በምትርቀው ጀርመንታውን ተቀመጡ፤ ካቢኔውም በዚያ ተሰበሰበ። ፕሬዚዳንቱ ኮንግረሱን ከፊላደልፊያ ውጭ የመጥራት ሥልጣን አላቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ካከራከረ በኋላ፣ በኤፕሪል 1794 ሥልጣኑን የሚሰጥ ሕግ ወጣ።

ታዲያ ከተማዋን ማን ያዛት?

ከንቲባው ማቲው ክላርክሰን አልሸሹም። ረዳቶቻቸው በአብዛኛው ስለሄዱ በሴፕቴምበር አጋማሽ የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ አቋቋሙ። በኮሚቴው ውስጥ የገቡት በአብዛኛው ስመ ጥር ሰዎች አልነበሩም፤ የእጅ ባለሙያዎችና መካከለኛ ነጋዴዎች ነበሩ፣ ከመካከላቸውም የሞቱ አሉ። እነዚህ ሰዎች ያለ ምንም የሕግ ሥልጣን ገንዘብ ተበደሩ፣ ሐኪም ቀጠሩ፣ ድኾችን መገቡ፣ ሬሳ አስነሡ፣ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ወደ 200 የሚጠጉ ሕፃናት ሰብስበው አሳደሩ።

ከሁሉ የከበደው ሥራ የቡሽ ሂል ሆስፒታል ነበር። ቡሽ ሂል ከከተማዋ ዳር ያለ የአንድ ባለጸጋ መኖሪያ ሲሆን ለሕሙማን ማቆያ ተብሎ ከተያዘ በኋላ ሙታንና ሕያዋን ተቀላቅለው የሚተኙበት፣ ሰው እንዳይወሰድበት የሚለምንበት ሥፍራ ሆኖ ነበር። ትውልዳቸው ከፈረንሳይ የሆነው ነጋዴ ስቲቨን ዢራርድና በርሜል ሠሪው ፒተር ሄልም ማንም ሳያስገድዳቸው አስተዳዳሪ እንሁን አሉ። አልጋዎቹን በሥርዓት አደራጁ፣ ንጹሕ ውኃ አስገቡ፣ ሕሙማንን በደረጃ ለዩ፣ በየዕለቱም ራሳቸው እየገቡ አስታመሙ። ዢራርድ በኋላ ከአሜሪካ ቱጃሮች አንዱ ሆነው በ1831 ሲሞቱ ሀብታቸውን ወላጅ ላጡ ልጆች ትምህርት ቤት ተናዘዙ። ኑዛዜው ግን ነጭ ወንዶች ልጆችን ብቻ የሚጠቅም ነበር፤ ጥቁር ልጆች ወደዚያ ትምህርት ቤት የገቡት ከረጅም የፍርድ ቤት ሙግት በኋላ በ1968 ነው።

ሐኪሞቹ ምን ዓይነት ሕክምና ይሰጡ ነበር?

ሁለት ጎራ ነበረ። ረሽ በሽታው ኃይለኛ ስለሆነ መድኃኒቱም ኃይለኛ መሆን አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ሜርኩሪ ያለበት ካሎሜልና ጃላፕ የተባለ ሥር የተቀላቀለበት ብርቱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ያጠጣሉ፣ ከዚያም ከክንድ ሥር ብዙ ደም ያፈሳሉ። በእኛ አገር ዋግምት እንደሚባለው ነው፤ መጠኑ ግን እጅግ ይበልጣል፣ በተከታታይ ቀናትም ይደጋገማል። ውኃና ደም ያጣን ሕመምተኛ ይበልጥ የሚያደክም ሕክምና በመሆኑ ከበሽታው ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ሰዎችን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ፤ የዛሬ ሐኪሞችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው።

በሌላው ወገን ሃሚልተንን ያከሙት ዶክተር ኤድዋርድ ስቲቨንስ ነበሩ። ስቲቨንስ ከሃሚልተን ጋር በካሪቢያን ያደጉ ሲሆኑ በሽታውን በዚያ ያውቁታል፤ ኪና የተባለ ዛፍ ቅርፊት፣ ወይን ጠጅና የቀዝቃዛ ውኃ መታጠቢያ ያዝዙ ነበር። በቡሽ ሂል የተመደቡት ዶክተር ዣን ዴቬዝም ራሳቸው ከሴን ዶሚንግ የመጡ ስደተኛ ናቸው። እርሳቸውም ፈሳሽ፣ ዕረፍትና ቀለል ያለ መድኃኒት ይመርጡ ነበር። ከተማዋ በሽታ አመጡብን ብላ ከፈራቻቸው ሰዎች አንዱ ሕሙማኖቿን ይበልጥ በርኅራኄ ማከማቸው መዘንጋት የለበትም።

ስለ ረሽ ሲፈረድ ይህም ይጨመር፦ ሌሎች ሐኪሞች ሲሸሹ እርሳቸው ቀሩ፣ ሀብታምና ድኻ ሳይለዩ ከማለዳ እስከ ሌሊት በየቤቱ ዞሩ፣ እኅታቸውና ተማሪዎቻቸው ሞቱባቸው፣ ራሳቸውም ታመው ነበር። የተሳሳተ ሕክምናና እውነተኛ መሰጠት በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ሌሎች ከተሞች ረዱ ወይስ በራቸውን ዘጉ?

ሁለቱንም አደረጉ። ኒው ዮርክና ባልቲሞርን የመሳሰሉ ከተሞች በመንገድና በወደብ ጠባቂ አቁመው ከፊላደልፊያ የሚመጣውን ተጓዥ መለሱ፤ ሆኖም ኒው ዮርክ 5,000 ዶላር ላከች፣ የአካባቢው ገበሬዎችም እህልና ከብት ለገሡ።

ወረርሽኙ እንዴት ቆመ?

ውርጭ አቆመው። ኦክቶበር 11 ቀን በአንድ ዕለት 119 ሰዎች ተቀብረዋል፤ ከዚያ በኋላ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቁጥሩ ወረደ፣ በኖቬምበር መጀመሪያም ሸሽቶ የነበረው ሕዝብ ይመለስ ጀመር። ሕዝቡ ቅዝቃዜው አየሩን አጠራው ብሎ አመሰገነ፤ በእውነቱ ግን ቅዝቃዜው የገደለው ትንኞቹን ነው። ለብዙዎች ግን ውርጩ ዘግይቶ ነው የመጣው። ኦክቶበር 24 ቀን ጆን ቶድ የተባሉ ጠበቃና ሕፃን ልጃቸው በአንድ ዕለት ሞቱ፤ ባሏና ልጇ በአንድ ቀን የተለዩአት ዶሊ ቶድ በሚቀጥለው ዓመት ጄምስ ማዲሰንን አግብታ በኋላ የፕሬዚዳንት ባለቤት ሆነች።

የሟቾቹ ቁጥር በየጽሑፉ ለምን ይለያያል?

አሳታሚው ማቲው ኬሪ ከየመቃብሩ ቦታ መዝገብ አሰባስበው ከኦገስት 1 እስከ ኖቬምበር 9 ድረስ 4,041 ሰዎች እንደተቀበሩ ጽፈዋል። ይህ ቁጥር በሌላ በሽታ የሞተውንም ይጨምራል፤ በአንጻሩ ደግሞ ከተማዋን ለቅቀው ሄደው በየገጠሩና በየመንገዱ የሞቱትን፣ በጥድፊያ ሳይመዘገቡ የተቀበሩትንም አይጨምርም። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው 5,000 ወደሚለው ግምት ያዘነብላሉ። አንባቢ 4,000 የሚልም 5,000 የሚልም ቢያገኝ አንዱ የተቆጠረውን፣ ሌላው የሚገመተውን እንደሚናገር ይረዳ።

ዋና ከተማው ወደ ዋሽንግተን የተዛወረው በዚህ ምክንያት ነው?

አይደለም። መንግሥቱ በ1800 ወደ ፖቶማክ ወንዝ ዳር እንዲዛወር የተወሰነው በ1790 በወጣ ሕግ ነው፤ ከወረርሽኙ ሦስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የፊላደልፊያ ሰዎች ውሳኔው ይቀለበሳል ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር። ቢጫ ወባው በ1797፣ በ1798ና በ1799 እንደገና ሲመላለስ የዚህ ተስፋ ጠበቆች የሚሉት አጡ።

ወረርሽኙ በከተማዋ ላይ ያመጣው ለውጥ በሌላ በኩል ነው የሚታየው። ሽታን እንደ ምንጭ የቆጠሩት ሰዎች ከተማዋን ለማጠብ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል ብለው ስለ ደመደሙ፣ መሐንዲሱ ቤንጃሚን ላትሮብ የነደፉት የውኃ ማከፋፈያ በ1801 ሥራ ጀመረ። የተሳሳተ መነሻ ትክክለኛ ሥራ አሠርቷል፤ የቧንቧ ውኃ በመጣ ቁጥር የዝናብ በርሜል ያንሳልና።

በዚያን ጊዜ ትንኝን የጠረጠረ ሰው አልነበረም?

አንድ ሰው እጅግ ቀርቦ ነበር። ኦገስት 29 ቀን በከተማዋ ጋዜጣ ላይ ስሙን በሁለት ፊደላት ብቻ የገለጸ ጸሐፊ፣ በየቤቱ ያለውን የዝናብ ውኃ በርሜል ብትመረምሩ ቁጥር የሌለው የትንኝ ዕጭ ታገኛላችሁ፣ ጥቂት ዘይት ብታፈስሱበት ሁሉም ይሞታል ብሎ መከረ። ምክሩ ዛሬም ትክክል ነው። ጸሐፊው ግን ያሰበው ሰው ከትንኝ ንክሻ እንዲያርፍ እንጂ ከሞት እንዲድን አልነበረም፤ ትንኝንና ትኩሳቱን ያገናኘበት ቃል በደብዳቤው ውስጥ የለም። ያ ምክር ተሰምቶ በየቤቱ ቢፈጸም ኖሮ ከሚቀጥሉት ሁለት ወራት ሟቾች ስንቱ ይተርፍ እንደነበር ማሰብ ያሳዝናል።

ትንኝ ቢጫ ወባን ታስተላልፋለች የሚለውን ሐሳብ በ1881 ያቀረቡት ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ናቸው። ለሃያ ዓመት ያህል የሚሰማቸው አጡ፤ በ1900 በዋልተር ሪድ የተመራው የአሜሪካ ጦር የሕክምና ቡድን ሃቫና ላይ ባደረገው ሙከራ እውነትነቱ ተረጋገጠ።

ጥቁሮች በበሽታው አይያዙም የተባለው እውነት ነበር?

አልነበረም፤ ስሕተቱም ሕይወት አስከፍሏል። ረሽ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ካለችው ከቻርልስተን ከተማ የተጻፈ የቆየ የሐኪም ዘገባ አንብበው ጥቁሮች ቢጫ ወባ አይነካቸውም ብለው ስላመኑ፣ የነፃ አፍሪካውያን ማኅበር ነጭ ሕሙማንን እንዲያስታምም ለጆንስና ለአለን ጻፉ። ማኅበርተኞቹ መክረው ተስማሙ። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ አንሥተው በየቤቱ ገብተው አስታመሙ፣ የገዛ ቤተሰቡ የተወውን ሬሳ አወጡ፣ ረሽ ባሳዩአቸው መሠረት ከ800 በላይ ለሆኑ ሰዎች ደም የማፍሰስ ሥራ ሠሩ። ብዙ ሳይቆይ እነርሱም ይታመሙ ጀመር፤ አለን ራሳቸው በጽኑ ታመው ከሞት ተርፈዋል። ጆንስና አለን እንዳሰፈሩት በ1792 የተቀበሩት ጥቁሮች 67 ሲሆኑ በ1793 ቁጥሩ 305 ደረሰ።

እምነቱ ከየት መጣ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። በሽታው በሚዘዋወርበት አገር ያደገ ሰው በልጅነቱ በቀላሉ ታሞ ከዳነ ዕድሜውን ሙሉ አይያዝም፤ በምዕራብ አፍሪካ ወይም በደሴቶቹ ያደጉ ጥቁሮች፣ እንዲሁም ከሴን ዶሚንግ የመጡት ብዙዎቹ ነጭ ስደተኞች በዚህ ምክንያት ድነዋል። የሚከላከለው ቀድሞ መታመም ነው፤ የቆዳ ቀለም ምንም ድርሻ የለውም። በፔንስልቬንያ ተወልዶ ያደገ ጥቁር እንደ ማንኛውም ጎረቤቱ ሞቷል።

ጥቁር አስታማሚዎች ሕሙማንን በዝብዘዋል የሚለው ክስስ?

ክሱን የጻፉት ከላይ የተጠቀሱት ማቲው ኬሪ ናቸው። በኖቬምበር ባሳተሙትና በተደጋጋሚ በታተመው መጽሐፋቸው ላይ ጆንስንና አለንን በስም ቢያመሰግኑም፣ የጥቁር አስታማሚዎች ዝቅተኛው ክፍል ከመጠን ያለፈ ዋጋ እንዳስከፈለና ከሕሙማን ቤት እንደ ሰረቀ ገለጹ። ኬሪ የኮሚቴው አባል ሆነው ሳለ በወረርሽኙ መካከል ለተወሰነ ጊዜ ከከተማዋ ወጥተው ነበር።

ጆንስና አለን በ1794 መጀመሪያ የራሳቸውን ጽሑፍ አሳትመው መለሱ። ጥቁር አሜሪካውያን በይፋ ለቀረበባቸው ክስ በኅትመት ከሰጡት መልስ እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ዋጋ ያናሩት አስታማሚዎቹ እንዳልሆኑ አስረዱ፦ አንዱ ቤተሰብ የተስማማበትን አስታማሚ ሌላው ቤተሰብ የበለጠ ገንዘብ ሰጥቶ ይነጥቀው ነበር። የሰረቀ ነጭም ጥቁርም እንደነበረ ሳይሸሽጉ፣ ጥፋቱ ለምን በአንድ ወገን ላይ ብቻ እንደሚጻፍ ጠየቁ። ያለ ክፍያ ያገለገሉትንም በስም ጠሩ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲዛር ክራንቻል ነው፣ ሕይወቴን በገንዘብ አልሸጥም ብሎ አስታምሞ ሞተ። ከንቲባ ክላርክሰንም የሁለቱን ሰዎች ትጋትና መልካም ጠባይ በጽሑፍ መሰከሩላቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ግን በጽሑፉ ውስጥ ያሰፈሩት ሒሳብ ይመስለኛል። ሬሳ በመቅበርና የሟቾችን ፍራሽ በማስወገድ የተቀበሉት በሙሉ በፔንስልቬንያ ገንዘብ 233 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ ነው (አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ነበር)። ለሬሳ ሣጥን 33 ፓውንድ አወጡ። አምስት የቀን ሠራተኞች ቀጥረው ሦስቱን ለ70 ቀን፣ ሁለቱን ለ63 ቀን አሠርተው 378 ፓውንድ ከፈሉ። በጠቅላላው 411 ፓውንድ ስለወጣ፣ ከገዛ ኪሳቸው የጎደለው 177 ፓውንድ ከ9 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ነበር።